ሚጣ ምን አለች? ከአንዲት ልብስ ሰፊ ደብተር ጀርባ

ደንበኞቼ ቀሚስ ሊለኩ ሲመጡ ሚጣ በሩ ላይ ትቀበላቸዋለች። አፏን ሳትከፍት «ብርርም?» ትላለች። ጭራዋ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጫፉ እንደ ከዘራ ጎበጥ ይላል። «ምን አለች?» ይሉኛል። «እንኳን ደህና መጣችሁ ነው ያለችው» ስላቸው ይስቃሉ። እኔ ግን የምሬን ነው።

ሽሮ ሜዳ አካባቢ፣ ቤቴ ውስጥ፣ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። ከድመት ጋር መኖር ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያዋን ያመጣኋት አይጥ ጥለት እየበላብኝ ስለተቸገርኩ ነበር። አሁን ቤቴ ውስጥ ሦስት አሉ። ቡላ 15 ዓመቷ ነው። ዳማ 6 ሞላው። ሚጣ ገና ሁለት ዓመት አልደፈነችም። የስፌት መኪናዬ ድምፅ በቆመ ቁጥር የምሰማው የእነሱን ነው።

የሰማሁትን የደንበኞቼን ልክ በምይዝበት ደብተር ጀርባ እጽፋለሁ። ከፊት በኩል ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት ነው። ከኋላ በኩል የድመት ድምፅ ነው። ለምን መጻፍ እንደጀመርኩ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ እንዴት እንደሚሰማ ላሳያችሁ።

አፏን እዩ

ሚልድረድ ሞልክ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1944 የድመትን ድምፆች በ16 ለይታ ጽፋ ነበር። 16ቱን መሸምደድ አያስፈልግም። እሷ ድምፆቹን የመደበችበት መንገድ ግን በጣም ይጠቅማል፦ የድመቷ አፍ ምን እያደረገ ነው?

አፏ ተዘግቶ የሚወጣ ድምፅ ብዙ ጊዜ የሰላምና የቅርብ ነው። አፏ ተከፍቶ ቀስ እያለ የሚዘጋ ከሆነ እየጠራቻችሁ ወይም እየጠየቀቻችሁ ነው። አፏ ተከፍቶ እንደተወጠረ ከቆየ ደግሞ ቁጣ፣ ፍርሃት ወይም ሕመም አለ።

እስቲ ራሳችሁ «ሚያው» በሉ። «ሚ» ሲባል ከንፈር ይገጥማል፣ «ያ» ላይ አፍ ይከፈታል፣ «ው» ላይ መልሶ ይጠባል። ቃላችን የድመቷን አፍ ደህና አድርጎ ይዞታል።

ሚያው የሚባለው ለእናንተ ነው

ዳማና ሚጣ ቀኑን ሙሉ አብረው ይውላሉ። ይላላሳሉ፣ ይጣላሉ፣ አንድ ጨርቅ ላይ ይተኛሉ። አንድም ቀን ግን ሚያው ሲባባሉ ሰምቼ አላውቅም። ያደጉ ድመቶች እርስ በርሳቸው ሚያው የሚባባሉት እምብዛም ነው። ይህ ድምፅ ትንንሾቹ እናታቸውን የሚጠሩበት ነው። ከሰው ጋር የሚኖሩት ካደጉም በኋላ አይተዉትም፤ እኛ መልስ ስለምንሰጥበት።

ስለዚህ የእናንተ ድመት ሚያው ከጎረቤታችሁ ድመት ሚያው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። ከእናንተ ጋር እየኖረች፣ የትኛው ድምፅ እንደሚያስነሳችሁ እየለየች ያበጀችው ነው። ለሁሉም ድመት የሚሆን መዝገበ ቃላት ብትፈልጉ አታገኙም። የቤታችሁን ግን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው የድምፅ ተመራማሪ ሱዛን ሾትስ ከባልደረባዋ ጋር የድመቶችን ሚያው ዜማ አጥንታለች። ምግብ የሚጠብቁ ድመቶች ድምፃቸው መጨረሻው ላይ ወደ ላይ ይወጣል። ሐኪም ቤት የተወሰዱት ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። እኛም እኮ «መጣህ» ስንል ጥያቄ ይሁን ወሬ የሚለየው ድምፃችን መጨረሻው ላይ ሲነሳ ወይም ሲወድቅ ነው። ዳማን ሳዳምጠው ይኸው ነው። ከሥጋ ቤት ሳንባ ይዤ ስገባ «ሚያኣው?» ይላል፤ መጨረሻው ወደ ላይ። ለክትባት በቅርጫት ይዤው ስሄድ «ማኦኦው» ይላል፤ መጨረሻው ወደ ታች። ሁለተኛውን ስሰማ ቅርጫቱን በነጠላዬ እሸፍነዋለሁ። ጨለማው ያረጋጋዋል።

ደብተር ስትጀምሩ አራት ነገር ጻፉ። ሰዓቱን፣ የነበረችበትን ቦታ፣ ጭራዋና ጆሮዋ እንዴት እንደነበር፣ በመጨረሻም ድምፁን ያቆመው ምን እንደሆነ። ይህ አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ምን እንደፈለገች የሚነግራችሁ ያቆመው ነገር ነው። ከሚጣ ገጽ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ከቀኑ 9 ሰዓት፣ የመኝታ ቤት በር ሥር፣ ጭራ ቀጥ፣ አጭር ሚያው አራት ጊዜ፣ ያቆመው፦ በሩ ሲከፈት።» አልገባችም። በሩ እንዲከፈት ብቻ ነበር የፈለገችው። እንዲህ ያለውን በሁለት ሳምንት ውስጥ ታውቁታላችሁ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ምግብ እያለች የምትቀሰቅሳችሁ ካለች፣ አንድ ቀን እንኳ ተነስታችሁ ከሰጣችኋት ተምራለች። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አብልታችሁ አስተኟት። የጠዋቱን ምግብ ከነቃችሁ ግማሽ ሰዓት በኋላ ስጡ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸቱ ይብሳል፤ ቻሉት። ጤነኛ መሆኗን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ርርርር

እዚህ ላይ ልቆይ ነው። እኔን ያሳሳተኝ ይህ ድምፅ ነው።

እናቴ «ዳዊት እየደገመች ነው፣ አታስነሻት» ትለኝ ነበር። አፏን ዘግታ፣ አየር ስታስገባም ስታስወጣም የማይቋረጠው ድምፅ ነው። እጃችሁን ደረቷ ላይ ብታደርጉ ይንቀጠቀጣል። ጉሮሮዋ ውስጥ ያሉት የድምፅ አውታሮች በሴኮንድ ከ25 እስከ 30 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የቪየና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሕመም ምክንያት ከሞቱ ድመቶች የተወሰደ ማንቁርት ላይ አየር ነፍተው ይህን የመሰለ ዝቅተኛ ድምፅ አግኝተዋል። ከአንጎል ምንም ትእዛዝ አልነበረም። አውታሮቹ ውስጥ እንደ ትራስ ያለ ለስላሳ ሥጋ አለ፤ እንዲህ ቀስ ብለው እንዲርገበገቡ የሚረዳቸው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

የድመት ግልገሎች ዓይናቸውም ጆሯቸውም ሳይከፈት፣ በተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ እየጠቡ ርርር ማለት ይጀምራሉ። የእናታቸውንም ንዝረት በሰውነታቸው ያውቁታል።

ሌላ ዓይነትም አለ። በእንግሊዝ ሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ካረን ማኮምና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት አለ። አንዳንድ ድመቶች ምግብ ሲፈልጉ ርርርሩ ውስጥ ቀጭን የልቅሶ ድምፅ ይደብቃሉ። ያ ቀጭን ድምፅ ከሕፃን ልቅሶ ጋር ይቀራረባል። ድመት አሳድገው የማያውቁ ሰዎች እንኳ ሲሰሙት አጣዳፊ እንደሆነ ለይተዋል። ቡላ ይህን ታውቅበታለች። ጠዋት ትራሴ ላይ ወጥታ ርርር ስትል ከሥሩ «ኢኢ» የሚል ይሰማል። የተኛሁ መስዬ መቆየት አልችልም።

አሁን ቅድም ያልኳችሁን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያዋ ድመቴ ወለላ ትባል ነበር። ጥር ወር ነበር፤ የሰርግ ልብስ ተደራርቦብኛል። አንድ ቀን ጠዋት አልበላችም። ከስፌት መኪናው ሥር ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ኩርምት ብላለች። እጄን ስሰድላት ርርርር አለች። «ደስ ብሏታል፣ ትንሽ ቢደክማት ነው» ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። በማግስቱም እንደዚያው። በነካኋት ቁጥር ርርርር። በሦስተኛው ቀን አስመለሳት። ያን ጊዜ ይዣት ሮጥኩ። ሐኪሙ አፏን ከፍቶ ምላሷን ወደ ላይ ሲያነሳው ወርቃማ የጥልፍ ክር ከሥሩ ተጠምጥሞ አሳየኝ። የእኔ ክር ነበር። ሌላው ጫፉ አንጀቷ ውስጥ ነው። አንጀቷን ሰብስቦ ቆርጦታል። ጠረጴዛው ላይ ተኝታ፣ እጄ ደረቷ ላይ እያለ፣ እስከ መጨረሻዋ ርርርር ትል ነበር።

ድመት ስትታመምም፣ ስትፈራም፣ ስትወልድም፣ ስትሞትም ርርር ትላለች። ራሷን የምታባብልበት ይመስለኛል። ደብተሩን የጀመርኩት በዚያ ሳምንት ነው።

ስለዚህ ርርርርን ብቻውን አትመኑ። የደስታ ከሆነ ሰውነቷ ልቅ ነው። በጎኗ ትጋደማለች፣ በፊት እግሮቿ ጨርቁን እንደ ሊጥ ታሻለች፣ ዓይኗን ገርበብ ታደርጋለች፣ ምግብ ሲመጣ ትነሳለች። የሕመም ከሆነ ኩርምት ትላለች። እግሮቿን ከሥሯ ትሰበስባለች። ጆሮዎቿ ወደ ጎን ይወድቃሉ። ጨለማ ቦታ ትፈልጋለች። ርርር እያለች አንድ ሙሉ ቀን ምንም ካልበላች ሁለተኛውን ቀን አትጠብቁ። ድመት ሳትበላ ከቆየች ጉበቷም ይጎዳል።

ክር፣ ጥብጣብ፣ መርፌ ያለበት ቤት የምትኖሩ ደግሞ ይህን ያዙልኝ። ከአፏም ሆነ ከፊንጢጣዋ ክር ወጥቶ ብታዩ አትጎትቱ። ጫፉ ውስጥ የት እንደተያዘ አታውቁም፤ ስትጎትቱት አንጀቷን ይቆርጣል። እንዳለ ይዛችኋት ሂዱ። እኔ ዛሬ ክሬን ሁሉ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከድኜ ነው የማስቀምጠው። ቁራጭ ክር መሬት ላይ ከጣልኩ መኪናዬን አቁሜ አነሳለሁ።

ብርርም እና ክክክክ

«ብርርም» ምላስ ያንቀጠቀጠው የሚመስል፣ አጭር፣ ወደ ላይ የሚነሳ ድምፅ ነው። እናት ድመት ልጆቿን «ኑ፣ ተከተሉኝ» የምትልበት ነው። ለእናንተም ስትል ሰላምታ ነው፤ ወይም የምታሳያችሁ ነገር አለ። መልሱላት። እኔ በከንፈሬ «ብርር» እላታለሁ፤ ትመጣለች። ከዚያ ዓይኔን በዝግታ ጨፍኜ እከፍታለሁ። ሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት ይህን ላደረጉ ሰዎች ድመቶቹም ዓይናቸውን መልሰው ጨፈን አድርገውላቸዋል። የማያውቃቸው ሰው እጁን ሲዘረጋም ዓይኑን እንዲህ አድርጎ ከነበረ መቅረብ መርጠዋል።

«ክክክክ» የመስኮት ድምፅ ነው። ድንቢጥ ቆርቆሮው ላይ ስታርፍ ሚጣ ከውስጥ ሆና መንጋጋዋ ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ዓይኗ ሌላ አያይም። ማደን ፈልጋ አልደረሰችበትም። በዚያ ሰዓት ከኋላ አትንኳት፤ ሳታውቅ ልትነክሳችሁ ትችላለች። ወፏ ስትሄድ ወፍራም ጨርቅ እንጨት ጫፍ ላይ አስራችሁ አሯሯጧት። ይዛ ስትጥለው ይወጣላታል።

ፍፍፍ

ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ «ፍፍፍ» ካለች ፈርታለች፤ ቦታ ትፈልጋለች። ወደ ኋላ በሉ። አትምቷት፣ አትጩኹባት። ወደ ማጉረምረም ከተሸጋገረች ደግሞ በፍጹም አታንሷት። አዲስ ድመት ስታመጡ ነባሯ ይህን ብታሰማ የተለመደ ነው። ለየብቻ ክፍል አስቀምጧቸውና የተኙበትን ጨርቅ እየለዋወጣችሁ አላምዷቸው።

የሌሊቱ ልቅሶ

በሰፈራችን ድመት ሌሊት ካለቀሰች ክፉ ወሬ ይመጣል የሚሉ አሉ። ድንጋይ ይወረውሩባታል። እባካችሁ አትወርውሩ። «ማኣኣኦኦው» እያለች የምትጮኸው ሴት ድመት ወንድ እየጠራች ነው።

አንድ ሌሊት ጎረቤቴ እያለቀሰች መጣች። «ድመቴ ወገቧ ተሰበረ» አለችኝ። ሄጄ አየኋት። ደረቷን መሬት አስነክታ ኋላዋን ከፍ አድርጋለች፣ ጭራዋን ወደ ጎን ጥላለች፣ እየተንከባለለች ትጮኻለች። ምንም አልተሰበረችም። ጊዜዋ ደርሶ ነው። ይህ አንድ ሳምንት ገደማ ይቆያል። ካልተጠቃች በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ይመለሳል። የድመትን ጊዜ የሚወስነው የቀን ብርሃን ርዝመት ነው። ክረምታቸው ጨለማ በሆኑ አገሮች ድመቶች ለወራት ያርፋሉ። የእኛ ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ ብዙ ስለማይለያይ የእኛዎቹ በማንኛውም ወር ሊጮኹ ይችላሉ። ስድስት ወር ሳይሞላቸውም ሊያረግዙ ይችላሉ፤ እርግዝናው ዘጠኝ ሳምንት ያህል ነው። መፍትሔው ማምከን ነው። ወንዱንም ማኮላሸት የጣሪያ ላይ ጠቡን ይቀንሰዋል። ከጠብ የተመለሰ ድመት ካላችሁ ፀጉሩን እየገለጣችሁ ንክሻ ፈልጉ። ትንሽ ቀዳዳ ከቀናት በኋላ መግል ይዞ ያብጣል።

ነገ የማይባልላቸው ድምፆች

ዳማ ለሽንት ሰጋቱራ የሞላሁበት ሳፋ ውስጥ ሲገባ ድምፅ አያሰማም። ደብተሩ ላይም እንደዚያ ነው የተጻፈው። ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ከሳፋው «ኣው» የሚል አጭር ድምፅ ሰማሁ። ወጣ፣ ራሱን ላሰ፣ ተመልሶ ገባ፣ እንደገና «ኣው»። ባትሪ አብርቼ ሰጋቱራውን አየሁት፤ ጠብታ የለም። ሲነጋ ሐኪም ቤት በር ላይ ነበርኩ። የሽንት መውጫው ተደፍኖ ነበር። በቱቦ ከፈቱለት። ወንድ ድመት ሽንት ከተዘጋበት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። እያማጠ የሚጮኸውን «ድርቀት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ከዚያ ወዲህ ዳማ ምግቡን በመረቅ አርሼ ነው የምሰጠው፤ ሽንኩርትም ጨውም በሌለው መረቅ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ይጎዳሉ። ወጥ የነካው እንጀራ የማልሰጣቸውም ለዚህ ነው።

አንገቷን ዘርግታ ወደ መሬት ዝቅ ብላ «ኽኽኽ» ካለችና ምንም ካልወጣ፣ የዋጠችው ፀጉር ነው ብላችሁ አትተዉት። እንደ አስም ያለ የመተንፈሻ ሕመም ሊሆን ይችላል። በስልክ ቅረጹት። ሐኪሙ ፊት ስትደርስ አታስለውም፤ ቪዲዮው ይናገርላታል። ተቀምጣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ድመት ደግሞ አስቸኳይ ናት፤ እዚያው ተነሱ።

ሰው የሚውጠውን ማስታገሻ አትስጧት። ፓራሲታሞል ግማሽ ፍሬ እንኳ ድመትን ሊገድል ይችላል።

ድምፁ ድንገት የተለወጠ፣ ለሐጩ የሚዝረበረብ፣ ያለ ምክንያት የሚናከስ ድመት ካያችሁ አትንኩት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል። ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የቤት ድመታችሁንም አስከትቡ።

ቡላ

ቡላ ከዓመት በፊት ሌሊት መጮኽ ጀመረች። ረጅም፣ ባዶ ቤት ውስጥ እንዳለ ሰው ያለ ድምፅ ነው። ያረጀች ድመት እንዲህ ስትሆን እርጅና ነው ብሎ መተው ቀላል ነው። የእንቅርት ዕጢ፣ ኩላሊት፣ የደም ግፊት፣ የመስማትና የማየት መድከም፣ የአእምሮ መርሳት ሁሉም እንዲህ ሊያስጮኹ ይችላሉ። አንዳንዶቹ መድኃኒት አላቸው፤ አስመርምሩ። የቡላ ዓይኗ እየደከመ ነው። ጨለማ ውስጥ የት እንዳለች ይጠፋታል።

ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ አምፖል አሳድራለሁ። የውሃ ሳህኗን ከቦታው አላነቃንቅም። የደንበኛ ጨርቅ መተላለፊያ ላይ አልከምርም።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ኮሪደሩ መሃል ቆማ «ኣኣኦኦው» ትላለች። ከአልጋዬ ሳልነሳ «ቡላዬ፣ እዚህ ነኝ» እላታለሁ። ዝም ትላለች። ከዚያ ጥፍሮቿ ሊሾው ላይ ቀስ እያሉ ሲመጡ እሰማለሁ። ደብተሩ ላይ፣ አራተኛው ቦታ፣ «ያቆመው፦ ድምፄ» ብዬ ጽፌአለሁ።